የሰው ምሳሌ አያደምቅ

ሰሞኑን በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ የደረጃ ዕድገቱ ለምን እንደ ዘገየ ሠራተኛው በየተራ ሲያማርር ከቆየ በኋላ፣ የስብሰባው መሪ ክራቫታቸውን አስተካክለው «እኔ በበኩሌ ጉዳዩን እንደ ኪያር ቀዝቀዝ ብዬ ነው የምመለከተው» አሉ። አጠገቤ ሆነው ቃለ ጉባኤ የሚይዙት የመዝገብ ቤት ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ኪያር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚቀዘቅዘው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «በእንግሊዝኛ ይቀዘቅዛል» አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው መጻፋቸውን ቀጠሉ፤ ኪያሩም ከነቅዝቃዜው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም አርፎበት ፋይል ውስጥ ገብቷል።

የእንግሊዝኛን ምሳሌ ቃል በቃል ተርጉሞ የመናገር ይህ አመል ስብሰባ ላይ ብቻ ቢቀር ምንኛ በታደልን። ጤናው በተጠየቀ ቁጥር «እንደ ዝናብ ደህና ነኝ» የሚል ጎረቤት አለኝ፤ ይህንንም የሚለው በሐምሌ አጋማሽ፣ ጎርፍ የግቢውን አጥር ጥሶ ገብቶ ምንጣፉን ሁሉ አጥር ላይ ባሰጣበት ሰሞን ነው። እንግሊዞች ከዝናብ ጋር ምን እንደ ተዋዋሉ እነሱ ያውቃሉ፤ የእኛ ሰው ግን በውሉ ሳይኖርበት ለምን እንደሚፈርም ሊገባኝ አልቻለም።

ኪያሩን በተመለከተ፣ ሐረጉ ከሚገኝባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ጌይ ያሳተመው የ1732 ግጥም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከአንዱ በቀር፣ እሱ ጋ ስንደርስ እናገራለሁ)። ግጥሙ ሞሊ በምትባል ሴት ፍቅር የተያዘ ሰው ምሳሌ በምሳሌ ላይ እየደረበ የሚያለቅስበት የቀልድ ግጥም ነው። ሞሊ ፊቷን ብትመልስለት የቀሩትን የዓለም ሴቶች ሁሉ እንደ ኪያር ቀዝቀዝ ብሎ እንደሚያይ ይምላል። እንግዲህ ከመቶ ዘጠና አምስት እጁ ውኃ የሆነው ይህ አትክልት ወደ ቋንቋቸው አደባባይ የወጣው በሴት ጉዳይ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ የተመደበው በደረጃ ዕድገት ጉዳይ ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የምትለዋን ተረት ከተረቶች ሁሉ አብልጬ እወዳታለሁ። ሦስት ቃል ብቻ ናት፣ ቤት ትመታለች፣ ማብራሪያም አትፈልግም። ለሠርግ የአንገት ሐብል የተዋሰች ሴት ያየ ሰው ይህች ተረት በማን ላይ እንደ ተተረተች ወዲያው ይገባዋል፦ የሐብሉ ባለቤት ከወዲያኛው ጠረጴዛ ዓይኗን ከተዋሹዋ አንገት ላይ ሳትነቅል ታመሻለች፣ ተዋሹዋም በእስክስታው መሐል እጇን እየላከች መቆለፊያው አለመፈታቱን ትዳስሳለች፤ ጨዋታው ለሁለቱም አይጥማቸውም። የራሳችን የሆነውን ብንጠቀም ግን ማን ይቆጣጠረናል? «እንደ ቆቅ ንቁ» ስንል፣ ቆቅ ቁጥቋጦ ሥር ሆና ኮሽታ በሰማች ቅጽበት አንገቷን እንዴት ቀጥ እንደምታደርግ ያየ እረኛ ሁሉ ምስክራችን ነው። «ትምህርቱን እንደ ውኃ ጠጥቶታል» ስንልም ጠጥቶ የማያውቅ አድማጭ አይገጥመንም።

ያለ ምስክር የሚነገረው ምሳሌ አንዳንዴ አደገኛም ነው። አንድ ሌላ ኃላፊ በዓመቱ የሥራ አፈጻጸም «እንደ ፓንች ደስ መሰኘታቸውን» ሲገልጹ አዳራሹ አጨብጭቧል። ፓንች እኮ የአሻንጉሊት ትርዒት ነፍሰ ገዳይ ነው፤ እንግሊዛዊው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፔፒስ በግንቦት 1662 ለንደን ውስጥ ኮቨንት ጋርደን በተባለው አደባባይ የጣሊያኖቹን ትርዒት አይቶ በዕለት ማስታወሻው ከመዘገበ ወዲህ ፓንች እንግሊዛዊ ሆኖ ቀርቷል። ሚስቱን በዱላ ይደበድባል፣ ሕፃኑን ይወረውራል፣ ሊሰቅለው የመጣውንም ሰቃይ አታልሎ በራሱ ገመድ ይሰቅለዋል፤ ደስታው ከዚህ የሚመነጭ ነው። ያጨበጨበው ሠራተኛ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ይቀመጥ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ለቀልድ ነው፤ «እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ» የሚለው ግን ያናድደኛል። በ1829 በኤዲንብራ መጽሔት ታትሞ ይገኛል፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮልም በ1865 የልጆች መጽሐፉ ባርኔጣ ሠሪውን ከሻይ ጠረጴዛ አስቀምጦ ለልጆች መሳቂያ ካደረገው ወዲህ ዓለም ሁሉ ይለዋል። ለባርኔጣ የሚሆነው ፌልት የተባለው የተዳመጠ ጨርቅ ከጥንቸልና ቢቨር ከተባለው የውኃ እንስሳ ፀጉር ይሠራ ነበር፤ ፀጉሩ እርስ በርሱ እንዲጣበቅ በሜርኩሪ ናይትሬት (ከመርዛማው ሜርኩሪ በሚሠራ ኬሚካል) ይታሻል፣ ሲታሽም ወደ ብርቱካንማ ስለሚለወጥ ሠራተኞቹ ሥራውን በካሮት ስም ይጠሩት ነበር። ከዚያ በእንፋሎት በታፈነ ክፍል ውስጥ ሲቀቀልና ሲዳመጥ ሜርኩሪው ተንኖ በሠሪው ሳንባ ይገባል። እጁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ጥርሱ ይረግፋል፣ ከሰው ይሸሻል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፣ ትናንት የሆነውን ይረሳል። የባርኔጣ ከተማ በነበረችው በአሜሪካዋ ዳንበሪ ሕመሙ የከተማዋን ስም ይዞ «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» ተብሏል፤ በአሜሪካ ሜርኩሪው ከባርኔጣ ሥራ የወጣው በ1941 ነው። ሐረጉ በእርግጥ ከዚህ መጣ ወይስ አልመጣም እያሉ የሚከራከሩ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ፤ ይከራከሩ። መመረዙ ግን አያከራክርም፤ ባርኔጣውን ደፍቶ በአደባባይ የሚንጎራደደው ጌታ ጤነኛ ሲባል፣ የሠራለት ሰው ለሁለት መቶ ዓመት የእብደት መለኪያ ሆኖ መኖሩ ያስቆጣል እንጂ አያስቅም።

ባለሙያን በሙያው መስደብ እኛም ጋ ነበር፣ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ሸማኔውና ፋቂው የሰው በታች ይባሉ ነበር። ነገር ግን አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ አዋጅ በባርኔጣ ሠሪዎች ስም ስለ መታወጁ አልሰማሁም፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን ስድብ በአዋጅ ካስቀረን በኋላ የእነሱን በፈቃዳችን ተውሰን እንስቅበታለን።

ባለቤቶቹስ ቢሆኑ መቼ ገባቸው? «እንደ በር ምስማር የሞተ» የሚለውን ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይሉታል። ቻርልስ ዲከንስ በ1843 የገና ታሪኩን ሲጀምር አንዱን ገጸ ባሕርይ በዚሁ ምስማር ከገደለ በኋላ፣ የበር ምስማር ከሌላው ብረት ይልቅ ምኑ እንደ ሞተ እንደማይገባው፣ ለእሱ ቢተውለት ኖሮ የሬሳ ሣጥን ምስማርን እንደሚመርጥ ጽፏል። አንዳንዶች ምስማሩ ከወዲያ በኩል ጫፉ ታጥፎ ስለሚመታና ዳግመኛ ተነቅሎ ለሥራ ስለማይውል ነው ይላሉ። ይህን ማብራሪያ ከልቤ ወድጄዋለሁ፤ አናጢ ያለበት ነገር ይታመናል።

የሌሊት ወፍን ግን ለማንም አልምርም። ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን በፈተና «አዝ ብላይንድ አዝ ኤ ዳሽ» (እንደ ምን ዕውር?) የሚል ጥያቄ አውጥተው ዳሹን ሙሉ አሉን፤ እኔ ፍልፈል ብዬ ሞላሁ፣ እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉበት፤ መልሱ የሌሊት ወፍ ነው ተባለ። እንግሊዞች ግን ለዘመናት «እንደ ፍልፈል ዕውር» ሲሉ ኖረዋል፣ «እንደ ጥንዚዛ ዕውር» የሚሉም ነበሩ። የሌሊት ወፍ ደግሞ ዕውር አይደለችም፤ ፍራፍሬ የሚበሉትማ ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ መንገዳቸውንም በማየትና በማሽተት ያገኛሉ። በአንጻሩ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ከመሬት በታች የሚኖረው ፀጉር አልባው ፍልፈል ከብርሃንና ከጨለማ በቀር የሚለየው ነገር እምብዛም የለም። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ግን ዓይኑ ከአናቱ ላይ ተሰክቶ ቀይ ቀበሮ ሲመጣ ያያል የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ የእሱ ጉዳይ ለብቻው ይታይ እላለሁ።

ከኪያር ተነሥቼ ፍልፈል ጉድጓድ መግባቴን አልዘነጋሁም፤ የደረጃ ዕድገቱም እስካሁን አልተለቀቀም፣ መሪውም እንደ ቀዘቀዙ ናቸው። እኔ ግን የፈተና ወረቀቱን ከነቀይ ኤክሱ አስቀምጬዋለሁ፤ የዘገየ ይግባኝ የሚቀበል የትምህርት ጽሕፈት ቤት ካለ ከነማስረጃው ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ፣ የምጠይቀውም ወለዱን ትቼ አንዷን ማርክ ብቻ ነው።