አህያው የቆመው እየነገራችሁ ነው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ አህያ ነው። ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት።

በቀደም መርካቶ፣ እህል በረንዳ አጠገብ አንድ አህያ መንገድ መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለት ጆንያ ተጭኗል። የሚነዳው ልጅ በጎማ ይዠልጠዋል። ንቅንቅ የለም። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል። ከኋላ መኪናው ጡሩምባውን ያንባርቃል። አንዱ መንገደኛ “በለው!” ይላል። እኔም ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አላደረግሁም። ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ብድግ አሉ። “ተው ልጄ! እየነገረህ እኮ ነው” አሉና እጃቸውን ከጭነቱ ሥር ሰደዱ። ገመዱ ገጣባው ውስጥ ገብቶ ነበር። እጃቸው ደም ይዞ ወጣ። ገመዱን አላልተው ጨርቅ ሲያደርጉለት፣ አህያው በረጅሙ ተነፈሰ። ማንም ሳይነካው መንገዱን ቀጠለ።

እኚያ እናት የተለየ ጥበብ የላቸውም። ያዩትን አመኑ እንጂ።

አህያ ሲያመው እንደ ውሻ አይጮህም፤ ሕመሙን ይደብቃል። ሲፈራም እንደ ፈረስ ከመፈርጠጥ ይልቅ ቆሞ ነገሩን ያጤናል። ይህን ነው ግትርነት ብለን የምንደበድበው። “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ይባላል፤ እኛ ግን ዳውላውን ማየት ትተን አህያውን ነው የምንመታው። በዓለም ላይ እንደኛ ብዙ አህያ ያለው አገር የለም። እህላችንን፣ ውሃችንን፣ አሸዋችንን ተሸክመው ያኖሩናል። ታዲያ ቋንቋቸውን ከማንም በፊት ማወቅ ያለብን እኛ አልነበርንም?

እነሱ የእኛን ያውቃሉ። ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ይችላል ተብሎ ከተማው ጉድ ብሎ ነበር። መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ነገሩን መርምሮ በ1907 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ካልቻለ፣ ፈረሱ ይሳሳታል። ለካ ፈረሱ የሚያነበው ሰውየውን ነው! ቆጠራው ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል። ሃንስ ያኔ መምታቱን ያቆማል። እንግዲህ አስቡት። የአንገታችንን እንቅስቃሴ የሚያነብ ፍጡር ፊት ጅራፍ ይዘን እየተቆጣን ስንቀርብ ምን እንደሚያነብ አስቡት።

ገበሬ ይህን ያውቃል። በሬዎቹን በስማቸው ይጠራል። ላሟንም ጥጃዋን ሳያስጠጋ፣ ሳያሻሽ፣ ወተት አምጪ አይላትም። የጠፋብን ከተማ ስንገባ ነው። ለበዓል የገዛናትን ዶሮ እግሯን ይዘን እንዘቀዝቃታለን፤ ዝም ስትል ደህና ናት እንላለን። ያደነዘዛት ፍርሃት ነው። እንደኛ ሆድ ዕቃዋን ከሳንባዋ የሚለይ ድያፍራም ስለሌላት፣ ስትዘቀዘቅ ክብደቱ መተንፈሻዋ ላይ ይወድቃል። ደረቷን ደግፋችሁ እቀፏት።

ባለጋሪዎች፣ ፈረሳችሁ ሲራመድ ራሱን ከፍ ዝቅ ካደረገ የፊት እግሩን አሞት ሊሆን ይችላል። አውርዱና ኮቴውን እዩለት።

ባለ አህዮችም ነገ ጠዋት ከመጫናችሁ በፊት መዳፋችሁን ጀርባው ላይ በቀስታ አሳልፉ። ቆዳው የተንቀጠቀጠበት፣ ወገቡን ዝቅ ያደረገበት፣ ዞሮ ያያችሁበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ ምንም አታሳርፉ። ቁስሉ እስኪድን ይረፍ።