መብራት መንገድ አያሰፋም

ሰሞኑን ዳላስ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጠን ያ የኦክላሆማ ረቂቅ ሕግ ተነሣ። በ2025 የቱልሳው ተወካይ ማርክ ቴድፎርድ ያቀረበው ማለቴ ነው። ለቴሌቪዥን ጣቢያና ለዩኒቨርሲቲ ለሚሠሩ ቶርኔዶ አሳዳጆች፣ ማለትም ያንን እየተሽከረከረ መሬት የሚነካ አውሎ ነፋስ ለማየትና ለመቅረጽ በመኪና ለሚከተሉ ሰዎች፣ ፈቃድ ይሰጥ፣ መኪናቸው ላይም የድንገተኛ መብራት ይፈቀድ ይላል። አንዱ ወዳጄ፣ እንደኔው ትራክ ነጂ፣ «ጥሩ ነው እኮ! ባለሙያው ከቱሪስቱ ይለያል፣ መንገዱም ይቀላል» አለ።

ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይቀላል? በምን ሒሳብ?

በሜይ ወር፣ በቶርኔዶ ወቅት፣ ኦክላሆማን በሚያቋርጠው ዩኤስ-81 አውራ ጎዳና ላይ የነዳ ሰው ይህን አይልም። ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ሲጠቁር የአገሬው ሰው ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይሮጣል። አሳዳጆቹ ደግሞ ተሰልፈው ወደ ጥቁሩ ይነዳሉ። ጣሪያው ላይ አንቴና የተከለ አለ። መስታወቱን ከበረዶ ለመከላከል በወንፊት ሽቦ የሸፈነ አለ። አንዱ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ለዩቲዩብ ተመልካቾቹ እየጮኸ ይነዳል። ሌላው መንገድ ዳር ሳይሆን መንገዱ ላይ ያቆምና በሩን ከፍቶ ካሜራውን ይተክላል። እኔ ከኋላው 80,000 ፓውንድ ጭኜ እየመጣሁ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ይህን ያህል ክብደት ፍሬን ስለተረገጠ ብቻ አይቆምም።

አሁን መብራቱን ጨምሩበት። አዲስ አበባ ላይ አምቡላንስ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን የማያውቅ አለ? አምቡላንሱ በሽተኛ ይዞ ይበራል፣ ከኋላው ሚኒባስ ይለጠፋል፣ ከሚኒባሱ ኋላ ላዳ፣ ከላዳው ኋላ «አጎቴ ታመው ነው» ባዩ ሁሉ። መንገድ የተከፈተው ለአንድ መኪና ነበር፤ ያለፈው ሃያ ነው። ኦክላሆማም ላይ ሰው ያው ሰው ነው። አሳዳጁ ቶርኔዶውን ይከተላል፣ ቱሪስቱ አሳዳጁን ይከተላል። ዛሬ ማንን እንደሚከተል ለማወቅ ስልኩ ላይ ራዳር ማየት አለበት። ነገ ግን የሚያብለጨልጭ መብራት በሩቁ ይታየዋል። «ቶርኔዶው በዚህ በኩል ነው» የሚል ማስታወቂያ ማለት እኮ ነው! ያውም በመንግሥት ፈቃድ የተለጠፈ።

መንገዱ ደግሞ ያው ሁለት መስመር ነው። በዚያ አገር መንገዱ በየማይሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ተሰምሯል፤ ካርታ ላይ ብዙ ይመስላል። ዝናብ ሲነካው ግማሹ ቀይ ጭቃ ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደዚያችው አስፋልት ይወጣል። ያቺ አስፋልት ለአሳዳጁ መድረክ ናት፣ እዚያ ለሚኖረው ሰው ግን ማምለጫ በሩ ናት። በር ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሣ ሰው መብራት ቢኖረውም ባይኖረውም በር ላይ ነው የቆመው።

«ባለሙያ ይለያል» ለሚለውማ መልሱ መንገዱ ላይ ተጽፏል። በ2017 ቴክሳስ ውስጥ ስፐር አካባቢ ሦስት አሳዳጆች በመኪና ግጭት ሞቱ። ፖሊስ እንዳለው አንደኛው መኪና የስቶፕ ሳይን ጥሶ ነው ሌላውን የመታው። እዚያ መኪና ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ማለትም ሕጉ መብራት ሊሰጣቸው የሚፈልጋቸው ዓይነት። በኋላኛው መቀመጫ ጋዜጠኛ ስለተቀመጠ ስቶፕ ሳይን አይጠፋም።

የኦክላሆማዋን ኤል ሪኖንስ ረሳነው? ሜይ 31 ቀን 2013። ስፋቱ 4.2 ኪሎ ሜትር የደረሰ፣ እስከ ዛሬ ከተለኩት ሁሉ ሰፊው ቶርኔዶ። ከ11 ቀን በፊት እዚያው ኦክላሆማ ሙር ከተማ ላይ በሌላ ቶርኔዶ 24 ሰው ሞቶ ስለነበር ሕዝቡ በርግጓል። አንድ የቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ባለሙያ በመኪና ወደ ደቡብ ሽሹ አለ፤ ሰዉም ተነሣ። አውራ ጎዳናዎቹ ተዘጉ፣ አሳዳጁና ሸሺው ተደባለቁ። ቶርኔዶው የገደላቸው 8 ሰዎች በሙሉ መኪና ውስጥ ነበሩ። ከእነሱ መካከል ቲም ሳማራስ ከነልጁና ከነባልደረባው አለበት። ጠንቃቃ በመባል የሚታወቅ ተመራማሪ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። የዌዘር ቻናል፣ የአየር ሁኔታ ቴሌቪዥኑ፣ መኪናም ተወርውሮ ሜዳ ላይ ወደቀ። እንግዲህ ባለሙያ ከተባለ ከዚህ በላይ ማን አለ?

«ያለነሱ ማስጠንቀቂያ የለም» የሚሉም አሉ። እሺ፣ ራዳር ከሩቅ ሲሆን ጨረሩ ከፍ ስለሚል መሬት ላይ ያለውን አያይም፤ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። ግን ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ያሠለጠናቸው ታዛቢዎች አሉ እኮ። ስካይዋርን ይባላሉ። ገበሬ አለ፣ እሳት አደጋ ሠራተኛ አለ፣ ጡረተኛ አለ። አብዛኛው ከሰፈሩ ሳይርቅ አይቶ ይደውላል። አንድ ደመና ለማየት መቶ መኪና የሚያስፈልገው የቱ ሳይንስ ነው? ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እኮ በ2010፣ ቮርቴክስ 2 በተባለው የቶርኔዶ ጥናት ጊዜ፣ በአሳዳጆች ብዛት መንገድ እየተዘጋብን ነው ብለው አማርረዋል።

ወዳጄ ግን አልተረታም። «ታዲያ ምን ይደረግ?» አለኝ።

መንገድ መሃል ለቆመ ሰው እኮ ቅጣት ድሮም አለ። በድልድይ ሥር ተደርድሮ ለሚያልፈው ሁሉ መንገድ ለሚዘጋም እንዲሁ። አዲስ ሕግ ምን ያደርጋል? ቲኬት የሚጽፍ ፖሊስ ይበቃል። ለአንድ ወቅት ብቻ ይሞክሩት፤ ከዚያ ስንቱ «ተመራማሪ» እንደሚቀር እናያለን።

ሰኞ በኦክላሆማ አድርጌ ወደ ዊቺታ፣ ካንሳስ፣ ጭነት አለኝ። ትንበያውን አይቼዋለሁ፣ ጥሩ አይደለም። እነሱም አይተውታል።