ከአስፋልት ውረድ!

ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ልጅ መንገድ ዳር ጉልበቱን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። 13 ዓመት ቢሆነው ነው። ሳይክሉ አጠገቡ ወድቋል። መሪው ተጣሟል። ከኋላ አስሮት የነበረው ዳቦ ከፌስታሉ ወጥቶ አቧራው ላይ ተበትኗል። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ሚኒባሱ ክላክስ አደረገብኝ። ስወርድለት ወደቅኩ» አለኝ።

ስወርድለት! ገፋኝ አላለም። ጥፋቱ የእሱ አወራረድ እንደሆነ አድርጎ ነው የነገረኝ። ሚኒባሱ ሄዷል። ሾፌሩ የልጁን መውደቅ ጭራሽ ላያውቀው ይችላል።

ይሄ የሆነው ባሕር ዳር ላይ ነው። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ አናጺው በሳይክል ውሎ በሳይክል በሚገባበት ከተማ! ሜዳ ነው አገሩ፤ ሳይክል የማይችል ሰው ብርቅ ነው። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ ለሳይክል የራሱ ቦታ ተለይቶለታል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ድልድዩ 380 ሜትር ነው። ከ380 ሜትሩ በኋላስ?

እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አውቀዋለሁ። ህዳር 2012፣ መንገዱ ያለ ስጋት በሚኬድበት ጊዜ፣ ከባሕር ዳር ተነስቼ ጣናን በምሥራቅ በኩል እየዞርኩ ብቻዬን በሳይክል ጎርጎራ ድረስ ሄጃለሁ። አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት። ድንኳን፣ ትንሽ ምድጃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ 6 ሊትር ውሃ። ሳይክሉ ከነጭነቱ ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። እስካሁን ድረስ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጅብ ነው። «ሜዳ ላይ ስታድር ጅብ አልፈራህም?» ጅብ አንድ ሌሊት ከሩቅ ሲጮህ ሰምቻለሁ። አልመጣብኝም። ቀን ቀን የሚመጣብኝ መኪና ነበር።

ከሐሙሲት አልፋችሁ ወደ ወረታ ስትሄዱ የፎገራ ሜዳ አለ። ህዳር ላይ ሩዙ እየታጨደ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚመጣ ነገር ከሩቅ ይታያል። ማለትም ሾፌሩ እኔን ከሩቅ ያየኛል። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ግማሹ አስፋልት ባዶ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ቢል ያልፈኛል። አይልም። አንድ ረጅም ክላክስ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ የረዳቱ ግማሽ አካል በመስኮት ወጥቶ፣ «ውረድ! ውረድ አንተ!»

ወዴት ነው የምወርደው? ይሄን መኪና ውስጥ ያለ ሰው አያውቀውም፤ ስለዚህ ላስረዳ። አስፋልቱ ጠርዙ ላይ ተበልቷል። ከሥሩ ያለው ጠጠር በዝናብ ታጥቦ ሄዷል። አንዳንድ ቦታ ከአስፋልቱ እስከ ጠጠሩ ድረስ አንድ ስንዝር ይሞላል። ጭነት በያዘ ሳይክል ያንን ስትወርድ የፊት ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ የኋላው ክብደት ይገፋሃል። መውረዱ ይሁን። መመለሱ ነው መከራው። ጎማው ጠርዙን ታክኮ ከሄደ ይነክሰዋል፤ ሳይክሉ ይቆማል፣ አንተ ወደ አስፋልቱ ትወድቃለህ። ለመውጣት ጎማውን ወደ መሃል መንገድ አዙረህ ጠርዙን ፊት ለፊት መምታት አለብህ። ያኔ ደግሞ ከኋላ ሌላው መኪና ደርሷል። ወረታ ሳልደርስ ሁለቴ ወድቄያለሁ። ክንዴ ላይ ምልክቱ አለ።

የተሳቢው ደግሞ ለብቻው ነው። ሲደርስብህ ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ውጪ ይገፋሃል። መሪውን ጨብጠህ ስትከላከል መኪናው ያልፍና ያው ነፋስ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጎማዎቹ ይስብሃል። አንዴ ከተገፋህ በኋላ ነው የምትሳበው። ሁለተኛውን ያልጠበቀ ሰው አለቀለት።

ስለዚህ የቀኔን ፕሮግራም ያወጣሁት የመኪናውን ሰዓት አይቼ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ። ድንኳኑ በጤዛ ርሷል፤ እየተንጠባጠበ አጣጥፈዋለሁ። በሶዬን በማር በጥብጬ እጠጣለሁ። ጎህ ሲቀድ መንገድ ላይ ነኝ። እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ፣ እመኑኝ፣ ለዚያ ስል ነው የሄድኩት። ጉም ሜዳው ላይ ተኝቷል። የፎገራ ከብቶች መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ። እረኛው ያየኝና በዱላው ገታ አድርጎ ያሳልፈኛል። አህያ የሚነዳው ገበሬም «እለፍ ልጄ» ይለኛል። ማንም ክላክስ አያደርግም። ከ2 ሰዓት በኋላ ግን ሚኒባሱ፣ ቅጥቅጡ፣ ተሳቢው ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሐይቁንም ተራራውንም አላይም። ጀርባዬን ነው የማዳምጠው። የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ይጨማተራል። ያደከመኝ ዳገቱ አይደለም። ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ያለውን ዳገት በደስታ ነው የወጣሁት፤ እዚያ እነሱም ቀስ ይላሉ። ማታ ምድጃዬን ለመለኮስ ክብሪት ስይዝ ጣቶቼ እምቢ ይሉኝ ነበር፤ መሪውን ጨብጠው ውለው።

ሁለተኛውን ሌሊት እንፍራንዝ አካባቢ አንድ ገበሬ ደጅ አደርኩ። ድንኳን ልትከል ብዬ ስጠይቃቸው ከፋቸው። «ቤት እያለ ሜዳ ላይ?» እራት ካልበላህ አሉኝ፤ በላሁ። ከዚያ ነው የፈቀዱልኝ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን መንገዱ እንዴት እንደነበረ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። «ልጄ፣ እኛም ልጆቹን ወደ ተማሪ ቤት ስንልክ በማሳው ዳር ሂዱ ነው የምንላቸው» አሉ። አስፋልቱ በደጃቸው ነው የሚያልፈው። ልጆቻቸው በጭቃ ነው የሚሄዱት።

ሾፌር ጓደኞቼ «መንገዱ ጠባብ ነው፣ ምን እናድርግ» ይሉኛል። እሺ፣ እናስላው። እኔን በሰላም ለማለፍ ፍጥነት ቀንሶ መጠበቅ ቢበዛ 10 ሰከንድ ይወስዳል። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ አሥር ሳይክል ቢያጋጥማችሁ 100 ሰከንድ ነው። ሁለት ደቂቃ አይሞላም! ለቡና ስትቆሙ ግማሽ ሰዓት ትቆማላችሁ።

ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ ከታጠፍኩ በኋላ መኪናው ሳሳ፣ ትከሻዬም ወረደ። ጎርጎራ ላይ ድንኳን ልትከል የሞከርኩት ውሃው አፍ ላይ ነበር፤ ጉማሬ ማታ ሳር ሊግጥ ይወጣል ብለው የአካባቢው ልጆች ፈቀቅ አደረጉኝ። እነሱ እንኳ ለማያውቁት ሰው ተጨነቁ።

ከሁሉ የባሰው መመለሻዬ ነው። ሳይክሌን ጣሪያ ላይ ጭኜ በሚኒባስ ተመለስኩ። ከሾፌሩ ኋላ ነበርኩ። ፎገራ ላይ ስንደርስ ጆንያ የጫነ ሳይክለኛ ከፊታችን አለ። ሾፌሩ ክላክሱን ረገጠው። ልቤ ዘለለ። «ወንድሜ፣ ቀስ በልለት እባክህ፣ መውረጃ የለውም» አልኩት። በመስታወቱ አየኝና «እሱ አይደል የሚወርደው» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናትም «ታዲያ መኪና መጣ ሲባል አይወርድም?» አሉ፣ በቅንነት። ሰውየው ወረደ። ዞሬ በኋላ መስታወት አየሁት። ቆሞ ጆንያውን እያቃና ነበር።

እና ትናንት ያንን ልጅ ሳየው ይሄ ሁሉ መጣብኝ። የፊት ጎማውን በጉልበቶቼ መሃል ይዤ መሪውን አቃናሁለት። «እናቴ ትቆጣኛለች» አለ ዳቦውን እያየ። ሱቅ ገብተን ሌላ ገዛንለት። «ሁለተኛ እንዳትወርድላቸው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። እሺ ብሎኝ ባይወርድና ቢገጩትስ?

ዳቦውን አሰረ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝና ሄደ። በጠጠሩ ነው የሄደው።