«10 ከ10» ማለት ሁሉም 10 ሰጠ ማለት አይደለም

ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ የጀመርነው ክርክር እዚህም ቀጥሏል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታየው የ«ብሬኪንግ ባድ» ተከታታይ ድራማ ክፍል «ኦዚማንዲያስ» አይኤምዲቢ (ተመልካቾች ለፊልምና ለድራማ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡበት ድረ ገጽ) ላይ ለዓመታት 10 ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ «ከ10 በታች የሰጠው ሰው የለም» እየተባለ ነው።

ወዳጆቼ፣ እንደዛ አይደለም። የሚታየው ቁጥር ተራ አማካይ አይደለም፤ ሁሉም ድምፅ እኩል እንደማይመዝን ድረ ገጹ ራሱ ይናገራል። ስሌቱን ግን በዝርዝር አይገልጽም። ለማረጋገጥ ነጥቧን ነካ አድርጓት። ከ1 እስከ 10 ስንት ስንት ሰው እንደሰጠ ተዘርዝሮ ይወጣል። 1 የሰጡም አሉ። (እኔ 9 ነው የሰጠሁት፣ አትፍረዱብኝ።)

አንዱ ጓደኛችን ግን ትናንት፣ «8.7? ሰው ጠልቶታል ማለት ነው» ብሎ አንድ ድራማ ሳያየው ከስልኩ አጠፋው።