ኮስማስ ዘመኑን ሁሉ አይወክልም
እዚህ የወጣው ጽሑፍ «የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ምድር ጠፍጣፋ ትመስላቸው ነበር» ያለውን ከየት አመጣው? አንድ አንባቢም ኮስማስ የተባለውን የጥንት ጸሐፊ ምስክር አድርጎ ጠቅሷል። የተማሩት ሰዎች ክብ መሆኗን አሳምረው ያውቁ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ ያስተምር የነበረው ሳክሮቦስኮ የጻፈው መማሪያ መጽሐፍ ለ400 ዓመት ያህል ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተነቧል፤ ማስረጃውም ለማንም ይገባል። መርከብ ከወደብ ሲርቅ ዳር ላይ የተተከለው ምልክት በመርከቡ ምሰሶ ሥር ለቆመው ሰው ይሰወርበታል፣ ጫፍ ላይ ለወጣው ግን ገና ይታየዋል። ውሃው ባይጎብጥ ኖሮማ ለምልክቱ የሚቀርበው ታች ያለው ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ምድርን መሃል አድርገው ጨረቃን፣ ሜርኩሪን፣ ቬኑስን፣ ፀሐይን፣ ማርስን፣ ጁፒተርንና ሳተርንን በየሰማያቸው ይደረድሩና ከዋክብቱን ከሁሉም በላይ ያደርጓቸዋል። መሃል መሆኗ ደግሞ ብዙዎች እንደሚሉት የክብር ቦታ አልነበረም፤ ከባዱና የሚበሰብሰው ሁሉ የሚወርድበት ታች ነው። ኮስማስን የጠቀስከው ወንድሜ፣ ልክ ነህ፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ጊዜ፣ አዱሊስ የደረሰው የእስክንድርያ ነጋዴ ዓለምን ጠፍጣፋ ወለል ባለው የሙሴ ድንኳን አምሳል ነው የሣላት። የአዱሊስን የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ ስላቆየልን እኔም ባለውለታችን ነው እላለሁ። የሰማዩን ነገር ግን እዚያው እስክንድርያ ውስጥ ፈላስፋው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ እሱም ክርስቲያን ሆኖ፣ ሰማይ ክብ ነው ብሎ ሞግቷል። የኮስማስ መጽሐፍ የተጻፈው ደግሞ በግሪክኛ ነው፤ በላቲን ይማር የነበረው ምዕራብ አውሮፓ እምብዛም አላወቀውም።