ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሐሙስ ገበያ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሰሜን ሸዋ ብርድ በስተቀር ደህና ነኝ። የስድስተኛ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሒሳብም አስተምራለሁ።

በቅድሚያ ሥልጣንዎን አደንቃለሁ። ርዕሰ መምህራችን ወላጅ ለስብሰባ ሲጠራ በሦስተኛው ጥሪ አራት ሰው ይመጣል። እርስዎ ደወል የለዎት፣ ደብዳቤ አይበትኑ፤ አገር ምድሩ ጎህ ሳይቀድ ይነሳልዎታል። ማክሰኞ ስም ስጠራ 47 "አቤት" እሰማለሁ። ሐሙስ 19። ከነዚህም ሁለቱ ድምፃቸውን ቀይረው ለፎረፈ ጓደኛ የሚመልሱ ናቸው።

ባለፈው በመስኮት ሳይ አንዱ ተማሪዬ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ጠቦት በገመድ ይጎትታል። ጠቦቱ እግሩን ተክሎ እምቢ ይላል። ከትምህርት ቤቱ በር አልርቅም ያለው እሱ ብቻ ነው። "ወዴት ነው?" ብለው፣ "ቲቸር፣ ለደብተር መግዣ" አለኝ። ምን ይባላል?

እስቲ ላስላልዎ። ከአምስት የትምህርት ቀን አንዱን ይወስዳሉ። ልጁ በዚሁ ከቀጠለ ስምንተኛ ክፍል እስኪጨርስ ከ1 ዓመት ተኩል በላይ እርስዎ ዘንድ ተምሯል ማለት ነው። ሰርተፊኬት ቢሰጡት አይከፋም። ሚኒስትሪ ላይ የሚጠየቀው ግን እኔ ያስተማርኩትን ነው።

ሐሙስ ብቻ ቢሆን እኮ ምንም አልነበር። ረቡዕ ለገበያ መሰናዶ ነው፤ ዓርብ ደክሞኛል ይላል። ኅዳር ላይ የገብስ አጨዳ ይጨመራል። ታኅሣሥ ላይ ስሙ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ "አቋረጠ" ብዬ እጽፋለሁ። ድንገት አይደለም የሚሄዱት፤ እንደ ሳሙና ነው የሚያልቁት።

እባክዎ ወደ ቅዳሜ ይዛወሩ። የደብረ ብርሃኑ ገበያ ቅዳሜ ቢውል ምን ጎደለበት? የወላጅ መምህር ኅብረቱም (ወመህ) በዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ ቀኑ ሐሙስ ስለዋለ ሰው አልተሟላም።

እውነቱን ለመናገር፣ ያለፈው ሐሙስ ከሰዓት እኔም እርስዎ ዘንድ ነበርኩ። እንቁላል የሸጠችልኝ የራሴ ተማሪ ናት። አሥራ ሁለት ቆጠረች፣ አንድ መረቀችልኝ፤ እኔ ገና በልቤ ሳሰላ እሷ መልሱን እጄ ላይ አስቀመጠች። የማካፈል ፈተና ላይ ከ10 ያመጣችው 3 ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ "ቀሪ" ብዬ መዝግቤያት ነበር።