የጋሼ የመጀመሪያዋ

ጎንደር አራዳ አካባቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤት አሉን። የድሮ ሳንቲም ይሰበስባሉ። እሳቸው ቤት ቡና የጠጣ ሰው በረካው ሲቀዳ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ቁም ሳጥኑ ይከፈታል። የብስኩት ቆርቆሮ ይወጣል። ከቆርቆሮው የነጠላ ቁራጭ፣ ከነጠላው ደግሞ አንዲት ጠገራ ብር።

«የመጀመሪያዬ ናት» ይላሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ባለቤታቸው እትዬ ይህን ጊዜ አንድ ነገር የረሱ መስለው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ቆርቆሮው ውስጥ ሌሎችም አሉ። ባለ አንበሳው የምኒልክ ብር፣ የጣሊያን ሊሬ፣ የጃንሆይ ሳንቲሞች። እነሱ የእንጀራ ልጆች ናቸው፤ ተቆጥረው ይታለፋሉ። ጠገራዋ ግን ትተረካለች። ከቅዳሜ ገበያ፣ ከአንዲት ባልቴት፣ በመጀመሪያ ደመወዛቸው ነው የገዟት። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል፤ ደመወዛቸውም አብሮ።

እንግዳው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «አሁን ስንት ታወጣለች?» ይህን የጠየቀ ሰው ሌላ ስኒ አይሞላለትም። ጋሼ የሚፈልጉት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ስለ ዕንቁዎቹ። አያቶቻችን ጠገራ ሲቀበሉ ላይዋ የተቀረጸችውን ሴትዮ፣ የኦስትሪያ ገዥ የነበረችውን የማሪያ ትሬዛን፣ ዘውድና የትከሻ ጌጥ አተኩረው ያዩ ነበር። ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው ካልታዩ አይቀበሉም። ጋሼም ማታ ማታ መነጽራቸውን አድርገው ይቆጥሩላታል።

«የእኔ የአንገት ድሪ ጠፍቶ እኮ ወር ሙሉ አላየኸውም» ይላሉ እትዬ።

ባለፈው አንድ የታሪክ ተማሪ ቡና ተጠራ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ጠገራዋን ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ጥንታዊ ላትሆን ትችላለች።»

«1780 ይላል፤ ማንበብ አትችልም?»

«እሱማ ማሪያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ነው የያዘው። ጣሊያን እንኳ ሊወረን ሲነሳ፣ በፈረንጆቹ 1935፣ ሮም ላይ ይመታት ነበር። ኋላ ለንደንም፣ ቦምቤይም መትተዋታል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ጠገራዋን ቀስ ብለው ተቀበሉት።

«እና ሴት ልጅ ዕድሜዋን ብትደብቅ ምን ይገርማል? የእትዬ መታወቂያ ላይ ያለውስ...»

«ስሜን እንዳታነሳ!» አሉ እትዬ ከጓዳ።

ልጁ ግን አላበቃም። ጥንታዊ ማለት የአክሱም ነው አለ። ንጉሥ ኢንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በወርቅና በብር ሳንቲም ሲያስመታ ጽሑፉ ግሪክኛ ነበር። ዒዛና ሲጠመቅ ሳንቲሙ ላይ የነበረችውን የጨረቃ ምልክት አንስቶ መስቀል አስገባ። ይህን ሁሉ ጋሼ በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያ ልጁ መባል የሌለበትን አለ፦ «የጎንደር ነገሥታት ግን ያን ሁሉ ግንብ ሲያሠሩ የራሳቸው ሳንቲም እንኳ አልነበራቸውም።» እውነቱን ነው። ገበያው በአሞሌ ጨውና በውጭ ብር ነበር የሚሠራው። ግን እውነት ሁሉ ጎንደር ተቀምጠው ይወራል እንዴ!

«ግንብ ያለው ሰው ሳንቲም ምን ያደርግለታል?» አሉ ጋሼ። ቡናው በዚያው አለቀ።

እኔ ለልጁ ማዘን አልቻልኩም። የሰው የመጀመሪያ ፍቅር ላይ ዕድሜ ይመረመራል?

ብዙም ሳይቆይ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ደረሰ። እትዬ የአንገት መስቀል ያስፈልጋል አሉ። ድሮ አንጥረኛ ጠገራ አቅልጦ ነበር መስቀል የሚሠራው፤ እትዬ ይህን ያወቁት ከጋሼ ከራሳቸው ነው። «ሃያ ስምንት ግራም ናት አላልክም? ለመስቀሉ በቂ ነው፤ ለጆሮ ጉትቻም ይተርፋል።» ጋሼ በማግስቱ ከዕቁብ ተበድረው አዲስ መስቀል ይዘው ገቡ። ጉትቻም ጨምረው።

እትዬ ዝም አሉ። ዝምታቸው አስፈርቶን ነበር።

በቀጣዩ እሑድ በረካው ተቀዳ፣ ጠገራዋ ወጣች፣ «የመጀመሪያዬ ናት» ተባለ። እትዬ ግን ወደ ጓዳ አልገቡም። ከመቀነታቸው የተጣጠፈ አሮጌ ወረቀት አወጡ።

«እኔም የመጀመሪያዬን ላሳያችሁ» አሉ። «ከጋሼ በፊት ያጨኝ ሰው የላከልኝ ደብዳቤ ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ፊትና ኋላውን ገልብጠው፣ ረዘም ላለ ጊዜ መረመሩት።

«ቀኑ በኋላ የተጻፈ ነው» አሉ።